ልቧን ኦፕራሲዮን የሆነች ልጄን ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ልላካት?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከቨርጂንያ ነው የመጣው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«ልጄ በተወለደች በሰዓታት ውስጥ ትንፋሿ ፈጠነ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። እግሯ ላይ ያሰሩላት የኦክስጅን መለኪያ ከ70 አልወጣ አለ። የሳንባዋ ደም መልሶች በሙሉ ልቧ ውስጥ መግባት ሲገባቸው ወደ ታች ወርደው ጉበቷ ጋ ገብተዋል፣ መንገዱም ታፍኗል አሉን። በማግስቱ ደረቷን ከፍተው አስተካከሉላት። አሁን ሦስት ወሯ ነው። ትስቃለች፣ ክብደትም ጨምራለች። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ የተፈቀደላት ጊዜ ሊያልቅ ነው። ‹ልጅቷን ይዣት ልሂድ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ክርስትናዋንም እዚያው እናደርጋለን› ትለኛለች። ባለቤቴ ደስ ብሎታል። ‹ድናለች እኮ፣ ሐኪሙም ቆንጆ ነው ብሏል፣ ሁለት ዓመት ሲሞላት እናመጣታለን› ይላል። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ስንቱ ሕፃን እንደሚሞት እያነበብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እርጉዝ ሆኜ መጾሜ ይሆን ይኼን ያመጣባት? ሰሞኑን ትንሽ ታስላለች፣ ስትጠባም ግንባሯ ላብ በላብ ይሆናል። እናቴ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አገር ቤት ስንገባ አስቆርጥላታለሁ ብላለች። የሚቀጥለው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልላካት? ወይስ ፈሪ ሆኜ ነው?»

እህቴ፣ አትላኪያት። አሁን አይሆንም።

ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር አለ። ታስላለች፣ ስትጠባ ያልባታል ብለሻል። ንባቡን እዚህ ላይ አቁሚና ለልብ ክሊኒኳ ደውዪ። ዝግ ከሆነም ተረኛ ሐኪም አያጡም፣ በዚያው ቁጥር ያገናኙሻል። «ቲኤፒቪአር (የሳንባ ደም መልሶቿ ልቧ ውስጥ ያልገቡበት ችግር) ኦፕራሲዮን የሆነች የሦስት ወር ልጅ ናት፣ ማሳል ጀምራለች፣ ስትጠባ ያልባታል፣ ሦስት ሳምንት አልጠብቅም፣ ኢኮዋ ይቅደምልኝ» በይ። እንዲህ ቁርጥ አድርገሽ ተናገሪ፤ «ትንሽ ነገር ነው፣ አላስቸግራችሁም» እያልሽ አትሽኮርመሚ። ጉንፋን ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉንፋን ነው። እሷ ላይ ግን ጉንፋን ነው ተብሎ የሚታለፈው የሳንባ ደም ሥሮቿ ከታዩ በኋላ ነው። ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ከጎደጎደ፣ ወይ ለመጥባት አቅም ካጣች ደግሞ ክሊኒክ ምናምን የለም፣ ቀጥታ 911 ነው።

ደወልሽ? እሺ፣ እንቀጥል።

እኔ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ቀዶ ሐኪም አይደለሁም፣ የልጅሽንም ኢኮ አላየሁም። እንዲህ ዓይነት ልጆችን ግን ተቀብያለሁ፣ ሸኝቻለሁ፣ ተመልሰው ሲመጡም አይቻለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ሐኪሟን ምን እንደምትጠይቂና ለምን እንደማትቸኩዪ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጾሙ። በፍጹም አንቺ አላመጣሽውም። ከሳንባ ኦክስጅን የጠገበውን ደም ይዘው የሚመለሱት አራት ሥሮች ከልብ ግራ የላይኛው ክፍል ጋር የሚገናኙት በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ በቅጡ አታውቅም። ልጅሽ ጋ አራቱ ሥሮች ከልቧ ጀርባ ተሰብስበው አንድ ሆነዋል፣ ልቧ ውስጥ ግን አልከፈቱም። በምትኩ አንድ ቀጭን ሥር ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ዲያፍራሙን፣ አልፎ ወደ ጉበት ወረደ። እዚያ ሲደርስ ደሙ መውጫ አጣ፣ ሳንባዋም ውሃ ያዘ። በሰዓታት ውስጥ የጠቆረችው ለዚህ ነው። የእርግዝናው አልትራሳውንድ ለምን አላየውም እንዳትዪ፤ ማሕፀን ውስጥ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ትንሽ ስለሆነ ይኼ ችግር ጎበዝ ባለሙያንም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ያ እግሯ ላይ የታሰረው መለኪያ አሜሪካ ውስጥ ለሁሉም አራስ ልጅ እንዲደረግ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚመከረውም እንዲህ ያለውን የሚያመልጥ በሽታ ለመያዝ ነው።

አሁን ሌሊት እያነበብሽ እንቅልፍ ወደሚነሳሽ ቁጥር እንምጣ። ስልክሽ ላይ የምታገኚው የተደበላለቀ ነገር ነው። «አብዛኞቹ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ» የሚለው ኦፕራሲዮን ስላልሆኑ ልጆች ነው። «ግማሾቹ አይተርፉም» የሚለው የድሮ ነው፣ ይኼ ኦፕራሲዮን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተጀመረ በኋላ ስለነበሩት ዓመታት። ከዚያ ወዲህ የልብና ሳንባ ማሽኑ፣ የአራስ ሕፃናት ሰመመኑም፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉም ሌላ ሆኗል። ትልቁና ደህና አድርጎ የተሠራው ጥናት ከብሪታንያ፣ ከአየርላንድና ከስዊድን የመጣው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2004 የተወለዱ 422 ሕፃናትን ተከታትሏል። ኦፕራሲዮን ከሆኑት ውስጥ ከ100 ልጅ 85ቱ በሦስት ዓመታቸው በሕይወት ነበሩ። እዚህ ቁጥር ውስጥ ደግሞ ልባቸው ላይ ሌላ ችግር የነበረባቸው አንዳንድ ልጆችም ተቆጥረዋል። ያንቺ ልጅ ከባዱን ነገር፣ ማለትም ታፍና መጥታ በድንገተኛ ኦፕራሲዮን መግባቱን፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት፣ ከኋላዋ ትታዋለች። ስለዚህ ያ ቁጥር ዛሬ እሷን አይመለከታትም። ሌሊት አታንብቢው።

እሷን የሚመለከታት ሌላ ቁጥር አለ፤ ባለቤትሽ ማወቅ ያለበትም እሱን ነው። በዚያው ጥናት፣ ኦፕራሲዮን ከሆኑት ልጆች ከ100 ወደ 17 የሚሆኑት ላይ የሳንባ ደም መልሶቹ ተመልሰው ጠበዋል። የተሰፋበት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ሳንባው አጠገብ ያሉት ሥሮችም ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከጠበበባቸው ከአምስት አራቱ የታወቀባቸው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ነው። ከጠበበባቸው ልጆች ሦስት ዓመት የደረሱት ደግሞ ከ100 ወደ 59 ይወርዳሉ። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ከ100 ልጅ ከ80 በላይ የሚሆኑት ጭራሽ አይጠብባቸውም። ግን ልጅሽ ገና ሦስት ወሯ ነው፣ የስድስት ወሩ መሀል ላይ ናት ማለት ነው። ባለቤትሽ «ድናለች» ያለው ኦፕራሲዮኑን ከሆነ ልክ ነው። ሥሮቿ ክፍት ሆነው መቆየታቸው ግን ገና እየታየ ያለ ነገር ነው፤ ሐኪሙ «ቆንጆ ነው» ሲል የተናገረው ስለዚያን ቀን ኢኮ ነው።

ተንኮለኛነቱ ደግሞ ሲጠብ አለመጮኹ ነው። ልጁ ይስቃል፣ ይጫወታል። መጀመሪያ የሚታየው ጡጦ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ መርዘሙ ነው፤ በሃያ ደቂቃ የሚያልቀው አርባ ይፈጃል። ቀጥሎ ግንባር ላይ ላብ፣ ትንፋሽ መፍጠን፣ የማይለቅ ሳል፣ ክብደት ባለበት መቆም። በየሳምንቱ «ጉንፋን ይዞታል»፣ «ሳንባ ምች ነው» እየተባለ መድኃኒት ሲጠጣ የሰነበተ ልጅ ኢኮ ሲነሳ ሌላ ነገር የሚገኝበት ጊዜ አለ። የጠበበውን ሥር ቶሎ የደረሱበት እንደሆነ አማራጭ ሞልቷል። በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በፊኛ ማስፋት አለ፤ መርፌው ሥሩን ሳይነካ በልብ ሽፋኑ በኩል የሚሰፉበት፣ ቶሮንቶ ውስጥ የታወቀው ዓይነት ኦፕራሲዮን አለ፤ አንዳንድ ቦታ ሥሩ ተመልሶ እንዳይጠብ የሚሰጡት እንደ ሲሮሊመስ ያለ መድኃኒትም አለ። ከዘገየ ግን ሳንባ ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ አማራጩ ይመነምናል።

እንግዲህ ይቺ ልጅ በዚህ ወር አዲስ አበባ ብትሆን ብለሽ አስቢ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ከቨርጂንያው በሩብ ያህል ያንሳል። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ሥሮች ይኮማተራሉ፣ የልብ ቀኝ ክፍል የሚገፋው ሸክም ይከብዳል። «እኛ ሁላችን እዚያ አይደል ያደግነው» ትል ይሆናል እናትሽ፣ እውነት ነው፣ ግን የእኛ የሳንባ ደም መልሶች ተቆርጠው አልተሰፉም። አውሮፕላኑም ቢሆን ውስጡ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር የሚመሳሰልበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ከአውሮፕላን በግማሽ ቀን ትወርዳለች፣ አዲስ አበባ ግን ልትኖር ነው የምትሄደው።

ሐኪሙን በተመለከተ እንዳትሳሳቺ፣ አገር ቤት የልብ ሐኪም የለም አላልኩም። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የሕፃናት የልብ ማዕከል አለ፣ በሙያቸው የተመሰገኑ ሰዎችም አሉ። ወረፋው ግን በሺዎች የሚቆጠር ነው። በዚያ ላይ የአምስት ወር ልጅ ላይ የጠበበ የሳንባ ሥር መልሶ መክፈት እዚህ አሜሪካም ሁሉም ሆስፒታል የሚደፍረው ነገር አይደለም፤ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ወደ ትልልቆቹ ማዕከሎች ነው የሚላኩት። ከአዲስ አበባ እኮ ልብ የታመመ ልጅ ወደ ውጭም ይላካል። እስራኤል ሆሎን ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም መነሻው የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። እዚያ ያለች እናት ልጇን ይዛ ወደ ሆሎን ወይ ወደ ሕንድ ለመሄድ ስንት ደጅ ትጠናለች፣ አንቺ ደግሞ እደጅሽ ካለው ሐኪም አንስተሽ ልትልኪያት ነው። ኢንሹራንሷም አብሯት አይሄድም። እዚያ ብትታመም ወጪው በእጃችሁ ነው፣ ታማ ወደዚህ መሳፈር ደግሞ በኦክስጅን፣ በሐኪም ፈቃድ፣ በስንት ጣጣ ነው።

እናትሽን ግን አታስከፊያቸው። አሜሪካ ድረስ መጥተው አርሰውሻል፤ ልጅቷን ልውሰድ ያሉትም አንቺን አይተው፣ ሥራሽ አሳስቧቸው ነው። ከመላኩ ሌላ «አይሆንም» የሚባሉበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም እንጥሉ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ለማንም ልጅ አይበጅም፤ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ እሷ ላይ ደግሞ በቁስሉ የገባ ጀርም በደም ዞሮ የተሰፋ ልቧ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ግግ ማስወጣቱም ያው ነው፤ ጥርሷ የሚበቅልበት ጊዜ ስለደረሰ ከወዲሁ ተነጋገሩበት። አንቺ ብቻ ከምትነግሪያቸው የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አብረውሽ ይግቡና ሐኪሙ በአስተርጓሚ ይንገራቸው። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አንቺ እያስተረጎምሽ አትልፊ፣ «ልጄ እየቀነሰች ነው የምትነግረኝ» ይላሉ።

ማዘሉን ግን ልፈቅድላቸው ነው የምፈልገው! ደረቷ የተከፈተ ልጅ አጥንቷ እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብብቷን ይዞ ማንሳት አይፈቀድም፤ ጭንቅላቷንና ቂጧን ደግፎ ነው የሚነሳው። ይኼን ሆስፒታል ነግረውሽ ይሆናል። አሁን ሦስት ወር ሆኗል፣ ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቂና እሺ ካለ አያቷ በአንቀልባ ይዘሏት። ጠበሉንም ይርጩላት፣ አታጠጧት ብቻ፤ ስድስት ወር እስኪሞላት ወተት እንጂ ውሃ ሆዷ አይገባም። የሽንት መድኃኒት ታዞላት ከሆነም ጠበል ጀምራለች ተብሎ አንድ ቀን አይዘለል። ክርስትናዋ ሰማንያ ቀኗ ያለፈው በሆስፒታል ምክንያት መሆኑን ለቄሱ ብትነግሪያቸው ይረዱሻል። በአካባቢሽ ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል፣ ውሃው ለብ ይበል ብለሽ ለምኚ፣ አያቷም ከመሄዳቸው በፊት ያያሉ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ እኔ ግዴለሽ ነው አልልም። ከተፈራ ነገር ቶሎ ለመውጣት «አለቀ» ማለት ብዙ አባቶች ላይ የማየው ነገር ነው። ሌሊት ያነበብሽውን አታንብቢለት። ይልቅ ኢኮው ክፍል ውስጥ አስገቢውና ራሱ ይጠይቅ። አራቱም ሥሮች ለየብቻ ታይተዋል ወይ ይበል፤ አንዱ ካልታየ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል ወይ፤ ደሙ በየሥሩ ሲያልፍ ፍጥነቱ ካለፈው ኢኮ ጨምሯል ወይ፤ የሳንባዋ ግፊት ስንት ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሥሮቿ ቀጫጭን ነበሩ ወይስ ደህና፤ ይኼ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፣ ከመጀመሪያውም የቀጠኑ ሥሮች ናቸው ይበልጥ የሚጠቡት። የሚቀጥለው ኢኮ መቼ ነው፣ እስከ አንድ ዓመቷስ በየስንት ጊዜው። መልሶቹን ስልኩ ላይ ይጻፍ። ራሱ የጠየቀውን ጥያቄ መልስ የሰማ አባት ስለ ትኬት ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ያዢ። ስትተኛ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሿን ቁጠሪ፤ ከ50 ካለፈ ደውዪ። ሳምንት በሳምንት በአንድ ሚዛን መዝኛት፤ በዚህ ዕድሜ በሳምንት 100 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መጨመር አለባት። በየሰዓቱ አትቁጠሪ ደግሞ፣ ራስሽን ታሳብጃለሽ። በቀን አንዴ በቂ ነው። የአርኤስቪ (የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃ የጉንፋን ዓይነት ቫይረስ) መከላከያ መርፌ መውሰዷንም አረጋግጪ፤ ለሌላ ልጅ ጉንፋን የሆነው ለእሷ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊሆን ይችላል።

ዓመቱን ሥሮቿ ሳይጠቡ ካለፉስ? ያኔ ወሬው ሌላ ነው። እንዲህ ያለፉት ልጆች አብዛኞቹ ይሮጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ትምህርት ቤት ሄደው ደረታቸው ላይ ካለው መስመር በቀር የሚለያቸው ነገር የለም። የልብ ሐኪሙ ግን ዕድሜ ልክ አይቀርም፣ የልብ ምት መዛባት ኋላ ሊመጣ ስለሚችል። በአራስነታቸው ልባቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ ልጆች አንዳንዶቹ ንግግርና እንቅስቃሴ ላይ ትንሽ ስለሚዘገዩም ያ ክትትል እንዳያመልጣት፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ለዚህ የሚረዳ የመንግሥት ፕሮግራም አለ፣ የሕፃናት ሐኪሟ ይልክሻል። አገር ቤት ሄዳ ዘመድ ማየትም ያኔ ይቻላል፤ ለጉብኝት፣ ኢኮዋ ጥሩ ሆኖ፣ የሐኪሟ ወረቀት በእጅሽ ሆኖ፣ አንቺም አብረሻት።

የሥራው ነገር ይቀራል። ልጅቷ የምትሄደው ሞግዚት ስለጠፋ ከሆነ፣ አያቷ ለምን አይቆዩም? በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ቆይታውን ለማራዘም የሚያመለክትበት ፎርም አለ፣ አይ-539 ይባላል። የሚገባው የተፈቀደው ቀን ከማለፉ በፊት ነው፣ ክፍያም አለው። ከሐኪሟ ደብዳቤ ለምኚ፤ ልጅቷ ልቧን ኦፕራሲዮን ሆና ክትትል ላይ እንዳለችና አያቷ የሚያስፈልጓት ለምን እንደሆነ ይጻፍልሽ፣ ከፎርሙ ጋር አያይዢው። ይፈቀዳል ብዬ አልምልልሽም፣ መልሱም ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን አንቺና ባለቤትሽ ፈረቃ መቀያየር ትችሉ እንደሆነ ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሕፃናት ማቆያ ማስገባቱን ክረምቱ እስኪያልፍ ባታስቢው እመርጣለሁ፣ እዚያ ጉንፋን አይጠፋም። የእናትሽን የመግቢያ ወረቀት አውጪና ቀኑን እይው፤ ሁለት ወር ከቀረው ጊዜ አለሽ፣ ሁለት ሳምንት ከሆነ ግን ፎርሙን ባለቤትሽ በዚህ ሳምንት ይሙላው።